ሸሚዝ የበላችው አሻንጉሊት

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቀው የደመወዝ ወረቀቱ ብቻ ነበር። ለሌላው ሰው ሁሉ መነሾ ነው። ይህን ስም የለጠፈበት የማተሚያ ማሽኑ ሠራተኛ ሲሆን፣ ሲለጥፍበትም ሁለት ነገር አስቦ ነው ይባላል። አንደኛ፣ ሰውየው የአንድን ዕቃ መነሾ ሳይናገር ዕቃውን መንካት አይሆንለትም። ሁለተኛ፣ በተናገረ ቁጥር እሱው ራሱ የጠብ መነሾ ይሆናል።

ክፋት እንኳ የለበትም። ሰዎች ምሳቸውን ይዘው በማረሚያ ክፍሉ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ፣ የገመጠውን ዳቦ ሳይውጥ፣ "ጠረጴዛ የሚለው ቃል እኮ የመጣው ከግሪክ ነው" ይላል። "ሲፈታ ባለ አራት እግር እንደማለት ነው።"

"ነው እንዴ?" ይላል የማሽኑ ሠራተኛ፣ ጎንበስ ብሎ ከሥር እያየ። "ይኼኛው ሦስት እግርና አንድ ጡብ ነው ያለው። ምን እንበለው ታዲያ?"

"ያው ጠረጴዛ ነው የሚባለው።"

"አራት እግር ሳይኖረው አራት እግር ነኝ ካለማ ውሸታም ነው።"

ከዚያ ወዲያ ምሳ የለም። አንዱ ለጠረጴዛው ይወግናል፣ ሌላው ለጡቡ፤ የሂሳብ ክፍሏ ሴትዮ ሳህኗን አንሥታ ኮሪደር ላይ ቆማ ትበላለች።

የማሽኑ ሠራተኛም በበኩሉ ቅጽል ስም አለው፤ ቀለሜ ይሉታል። ቀለሜ የተባለው ትምህርት ወዳጅ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። በዕድሜው አንድ መጽሐፍ ዳር እስከ ዳር አንብቦ አያውቅም። ሃያ ዓመት ታጥቦ ከጥፍሩ ሥር አልወጣ ያለው የማተሚያ ቀለም ነው ስሙን ያሰጠው።

የመነሾ ሥራ እርማት ነው። ሌላ ሰው የጻፈውን እያነበበ ስሕተቱን በቀይ እስክሪብቶ ይለቅማል። ክፍሉን ከማሽኑ አዳራሽ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ በመሆኑ፣ ማሽኑ ሲነሣ ጠረጴዛው፣ የሻዩ ብርጭቆ፣ መነጽሩና ሰውየው አብረው ይንቀጠቀጣሉ። ማሽኑ የሚሠራው ጠዋት ጠዋት ነው። ስለዚህ ጠዋት ያረመውን ወረቀት ያየ ሰው አራሚው ጠጥቶ የገባ ይመስለዋል፤ ከሰዓት በኋላ ያረመው ግን በክር የተለካ ነው። መነሾ መጠጥ አፉ ደርሶ አያውቅም። ሱሱ ሌላ ነበር።

ያ ሱስ የያዘው ገና በልጅነቱ ነው። አባቱ አናጢ ነበር፤ ቃል የሚቆጥብ ሰው።

"አባባ፣ ምስማር ለምን ምስማር ተባለ?"

"ምስማር ስለሆነ።"

"መዶሻስ?"

"አቀብለኝ።"

እንዲህ ያለ መልስ እየሰማ ያደገ ልጅ ወይ ዝምተኛ ይወጣዋል ወይ ለዕድሜ ልኩ ጠያቂ ይሆናል። የኛው ሰውዬ ዝምታ አልታደለም።

ማተሚያ ቤቱ በየዓመቱ የሚያወጣው አንድ የቀን መቁጠሪያ አለ፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ በየማለዳው አንዳንድ ቅጠል የሚገነጠልለት። አንድ ዓመት ሥራ አስኪያጁ አንዷን ቅጠል ገልበጥ አድርገው አዩና፣ "ይኼ ጀርባው ባዶ የሚቀረው ለማን ብሎ ነው? አንድ ነገር ይጻፍበት እንጂ" አሉ። አንዱ የጤና ምክር ይሁን አለ፣ ሌላው ምሳሌያዊ አነጋገር። መነሾ ግን እጁን ሲያወጣ ከወንበሩም አብሮ ተነሣ። ለዚህ ጥያቄ አርባ ዓመት ሲዘጋጅ የኖረ ሰው ነው፤ ማን ይቅደመው?

ከዚያ ዓመት ጀምሮ የከተማው ሰው ጠዋት ቀኑን ሲገነጥል አንዳንድ መነሾ አብሮ ይገነጥል ጀመር። ዶላር ስሙን ያገኘው የብር ማዕድን ይወጣበት ከነበረ ሸለቆ ነው። ፓውንድ መጀመሪያ የሚዛን ስም ነበር። ሳንቲም ከመቶ አንድ ማለት ነው። የጥንት ልጃገረዶች ሊያገቡ ሲሉ አሻንጉሊታቸውን ለቤተ መቅደስ የሚሰጡባቸው አገሮች ነበሩ። መነሾ እነዚህን የሚቀዳው ማተሚያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ከነበሩ ወፋፍራም የባዕድ አገር መጻሕፍት ነው፤ በአንድ እጁ መዝገበ ቃላት፣ በሌላው እስክሪብቶ። ያላገኘውን አይጽፍም። በዚህ ኩሩ ነበር። "እኔ ጆሮዬን ሳይሆን ዓይኔን ነው የማምነው" ይል ነበር፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ቤት ውስጥ ግን ኩራቱ ብዙ ገበያ አልነበረውም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን ሳሎኑ መስኮት ሥር ተክላ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ የምታወራው በአፏ ጫፍ መርፌ ይዛ ስለሆነ ንግግሯ አጭር ነው። አንድ ማታ የሰፋችለትን አዲስ ፒጃማ ሲለብስ፣

"ፒጃማ ማለት እኮ" አላት፣ "ከምሥራቅ የመጣ ቃል ነው። የእግር ልብስ ማለት ነው።"

"የእግር ብቻ?"

"የእግር ብቻ።"

"እንግዲያው የላይኛውን በከንቱ ነው የደከምኩበት፤ አውልቅና ወዲህ በል" አለችው። ቀልዷ መስሎት ሲስቅ እጇን እንደዘረጋች ቆየች።

እንግዲህ ታሪኩ የሚጀምረው ይህ ሁሉ ሆኖ በስድስተኛው ዓመት ነው። መነሾ የዓመቱን ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ጽሑፍ ጨርሶ፣ አርሞ፣ አስረክቦ፣ እጁን አጣጥፎ ሻይ እየጠጣ ሳለ ቀለሜ በሩን ገፍቶ ገባ።

"አንድ ቅጠል ጎደለ።"

"ሊጎድል አይችልም፤ ቆጥሬዋለሁ።"

"እኔም ቆጥሬዋለሁ። ዘንድሮ እኮ አንድ ቀን ትጨመራለች።"

መነሾ ብርጭቆውን አስቀመጠ። በየአራት ዓመቱ ስለምትመጣዋ ተጨማሪ ቀን መነሾ እሱ ራሱ ከሁለት ዓመት በፊት ጽፎ አሳትሟል። ከየት እንደመጣች ያውቃል፤ እንደምትመጣ ነው የረሳው።

"ነገ ላምጣልህ?"

"ማሽኑ ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ አዳራሹ ውስጥ ሰዓታቸውን እያዩ ነው። አምስት መስመር ነው የፈለግሁት፤ መጽሐፍ ጻፍ አላልኩህ።"

እንደ ክፉ ዕድል መጻሕፍቱ ለመጠረዝ ወጥተዋል። መደርደሪያው ባዶ ነው። መነሾ ጣሪያውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ በመጨረሻም ቀለሜን አየ። ቀለሜ እጁን እየጠረገ ነበር። ማሽን ክፍሉ ለመወልወያ የሚጠቀመው በጆንያ ተገዝቶ የሚመጣ አሮጌ ልብስ ነው፤ ያን ዕለት ቀለሜ እጅ ላይ የዋለው ደግሞ የአንድ ሸሚዝ እጅጌ ነበር፣ ቁልፉ እንኳ ያልወለቀ። ቁልፉ በጥቁር ቀለም መሐል ነጭ ሆኖ እንደ ዓይን አፈጠጠበት።

መነሾ ብዕሩን አነሣና እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

"አሻንጉሊት። በጥንት ዘመን ባሕር ተሻግረው የሚነግዱ ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት የለበሱትን ሸሚዝ አውልቀው ለሚስቶቻቸው ይተዉ ነበር። ሚስቶቹም ልጅ የአባቱን ጠረን እንዳይረሳ ከሸሚዙ አሻንጉሊት ይሰፉለታል። የመጀመሪያዋ አሻንጉሊት የተገኘችው በዚህ ሁኔታ ነው። ስለዚህ የልጅ የመጀመሪያ አሻንጉሊት ከአባት ሸሚዝ ቢሰፋ መልካም እንደሆነ ይነገራል።"

"ይነገራል" የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርስ እጁ ጥቂት ዘገየች። ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን ኖሮ ከጎኑ በቀይ "ማን ነገረህ?" ብሎ ያሰፍርበት ነበር። ግን ማሽኑ ቆሟል። ወረቀቱን ለቀለሜ ሰጠው፤ ማሽኑ ተነሣ፤ የተረፈው ሻይም መንቀጥቀጥ ጀመረ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ዕለት ወደ ቤቱ ሲሄድ ትንሽ ደስ ብሎታል። "የአባቱን ጠረን እንዳይረሳ" የምትለዋን በልቡ ሁለቴ ደገማት። ለአምስት ደቂቃ ሥራ አትከፋም።

ተጨማሪዋ ቀን መጣች፣ ተገነጠለች፣ ሄደች። ማንም ምንም አላለም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ መነሾም እውነትም ቀለለችልኝ ብሎ ረሳት።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ተቀምጦ ጢሙን ሲላጭ፣ ፀጉር አስተካካዩ የሚስቱን ነገር አንሥቶ ያማርር ጀመር።

"ሁለት ሸሚዝ ነበረኝ ጋሼ፣ አንዱን ቆረጠችው። ልጅ ተወልዶልን አይደል? 'ከአባት ሸሚዝ ካልተሰፋላት አሻንጉሊት አይባልም' ብላ።"

መነሾ ብድግ ሊል ሲል ምላጩ ጉሮሮው ላይ ነበር።

"አንገትህን አታንቀሳቅስ" አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ምላጭ ሲይዝ አንቱታ ይጠፋበታል።

"ማነው እንዲህ ያላት?" አለ መነሾ፣ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቅሶ።

"ማን ይላታል? የድሮ ነገር ነው እንጂ። መርከበኞች ናቸው አሉ የጀመሩት። ደግሞ የላይኛው ቁልፍ አሻንጉሊቷ ደረት ላይ፣ በግራ በኩል ነው የሚገባው። በቀኝ ካደረጉት አባትየው አይመለስም።"

መነሾ ስለ ቁልፍ አንድም ቃል አልጻፈም። ስለ ግራና ቀኝም አልጻፈም። ነጋዴ እንጂ መርከበኛም አላለም። አረፋው እስኪታጠብለት ድረስ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ። ምላጭ አንገት ላይ እያለ የተጀመረ ክርክር ከተማው ውስጥ አሸንፎ የወጣ የለም።

ከዚያ በኋላ ጆሮው ተከፈተ። ጨርቅ የምትሸጥ ሴትዮ ለደንበኛዋ ስታስረዳ ሰማ። አውቶቡስ ላይ ሁለት እርጉዞች የወንድ ልጅ ከሆነ ኮሌታው ይቀመጣል፣ የሴት ከሆነ ይወጣል እያሉ ሲከራከሩ ሰማ። አንድ ምሽትም የሬዲዮ ጣቢያው ስለ "ቀደምቶቻችን" ሲናገር ሰማና ሬዲዮውን ዘጋው። ሚስቱ "ምነው? ደስ የሚል ነገር እያወሩ" ብላ መልሳ ከፈተችው።

ነገሩን ያጠናቀቀው የሴት ልጁ መውለድ ነው። ልጁ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። የልጅ ልጅ ተወልዳ አሥራ አምስት ቀኗ፣ አራሶቹ እነመነሾ ቤት አርፈው ሳሉ፣ ማተሚያ ቤቱ ለነባር ሠራተኞች የምስክር ወረቀት ሊሰጥ ቀን ቆረጠ። መነሾ ለእንዲህ ያለው ቀን የሚለብሳት አንዲት ሸሚዝ አለችው። ውኃ ሰማያዊ ናት፣ በነጭ ቀጫጭን መስመር። ሚስቱ ለልጃቸው ሠርግ ነበር የሰፋችለት፤ ከዚያ ወዲያ አራት ጊዜ ብቻ ለብሷታል። ቁም ሣጥኑን ቢከፍት መስቀያው ባዶውን ይወዛወዛል።

ወደ ሳሎን ወጣ። ሚስቱ መኪናዋ ላይ ናት፤ ልጁ አራስ ልጇን አቅፋ ሶፋው ላይ፤ አማቹ ጥግ ላይ በካናቴራ። ከመኪናው አጠገብ ጨርቅ የሞላ ቅርጫት አለ፤ ቅርጫቱ አናት ላይ ደግሞ ስንዝር የምታህል፣ ውኃ ሰማያዊ፣ ነጭ መስመር ያላት አንዲት አሻንጉሊት እጆቿን ዘርግታ ተቀምጣለች። ኮሌታ አላት። መነሾ ኮሌታውን ለየው፤ ለምን አይለየው፣ የራሱ አንገት ነው የኖረበት።

"ሸሚዜን!" አለ።

"ቀስ፣ ልጅቷ ትነቃለች" አለችው ሚስቱ።

"ከአባት ሸሚዝ አይደል እንዴ የሚባለው? አባትየው ይኸው ተቀምጧል!"

አማቹ ካናቴራውን ሳብ አደረገ። "የኔ ሸሚዝ የመሥሪያ ቤት ነው አባባ። ማኅተም አለበት።"

"የአባት ከሌለ የአያት ይሆናል" አለች ሚስቱ። "እንዲያውም የአያት ይበልጣል ነው የሚባለው።"

"ማነው የሚለው?"

"ሰው ነዋ!"

መነሾ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሠላሳ አምስት ዓመት አብራው የኖረች ሚስቱን አየ፣ ልጁን አየ፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ስሙኝ" አለ። "ይኼ ነገር ውሸት ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አንድ ቅጠል ጎድሎ፣ ቀለሜ በር ላይ ቆሞ፣ መጻሕፍቱ ጥረዛ ሄደው፣ በቃ... ፈጠርኩት። ባሕር የለም፤ ነጋዴ የለም፤ ምንም የለም።"

ልጁ በኀዘኔታ አየችው።

"አባዬ፣ እማዬ እኮ ሌላ ትሰፋልሃለች። ለአንድ ሸሚዝ ብለህ እንዲህ አትበል።"

"ለሸሚዝ ብዬ አይደለም! እውነቱን ነው የምናገረው!"

ሚስቱ መኪናዋን አቆመች፤ መርፌዋንም ከአፏ አወጣች። ይኼ ከባድ ምልክት ነው።

"ሠላሳ አምስት ዓመት" አለችው፣ "ስለ ሹካ ነገርከኝ፣ አመንኩህ። ስለ ሳሙና ነገርከኝ፣ አመንኩህ። እኩለ ሌሊት ቀስቅሰህ ስለ ትራስ ነገርከኝ፣ እሱንም አመንኩህ። ዛሬ ነገሩ ያንተ ሸሚዝ ላይ ሲደርስ ውሸታም ነኝ ልትለኝ ነው?" ከዚያ የክር ማስቀመጫዋን መሳቢያ ከፍታ አንዲት የቀን መቁጠሪያ ቅጠል አወጣች። ያችኑ ቅጠል። "ይኸው፣ ታትሟል። አንተ አይደለህ ያልታተመ አትመኑ የምትለው?"

"የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ!"

"አንተማ የምትጽፈው ከመጽሐፍ ነው" አለችና መኪናዋን አስነሣች።

የምስክር ወረቀቱን በቡናማዋ ሸሚዝ ተቀበለ። ፎቶው ላይ ፊቱ እንደተቀጣ ሰው ነው።

ሰው ሲያምነው የሚደሰት ስንት አለ፤ መነሾ ግን እንቅልፍ አጣ። በሚቀጥለው የቀን መቁጠሪያ ማረሚያ ሊያወጣ ቆረጠ። የውሸቷ ቀን በአራት ዓመት አንዴ ብቻ የምትመጣ በመሆኗ ከጎረቤቷ ቀን ላይ አስገባው፦ "ማረሚያ። ስለ አሻንጉሊት አመጣጥ ቀደም ሲል የወጣው ጽሑፍ ከመጽሐፍ የተገኘ ሳይሆን አዘጋጁ ከራሱ የፈጠረው ነው። አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።"

ቀለሜ ሲያትመው ማንበቡ አይቀርም ብሎ ፈርቶ ነበር። ቀለሜ ማንበብ ስለማይወድ አላነበበውም። ከተማው ግን አነበበው።

ደብዳቤ ዘነበ። አንዱ "የቀደሙትን ማጣጣል አዋቂነት እየመሰለ ነው" ይላል። አንዱ "አዘጋጁ ማን ሆኖ ነው ይህን የመሰለ ነገር የሚፈጥረው? ከየት አምጥቶ?" ይላል፤ ይኼኛውን መነሾ ስድብ ይሁን ምስጋና ለመለየት ሦስት ጊዜ አነበበው። ሥራ አስኪያጁ አስጠሩት። ጠረጴዛቸው ላይ ደብዳቤው ተከምሯል።

"ሠላሳ ዓመት ስሕተት ስታርም ኖርክ" አሉት። "ትክክሉን ማረም የጀመርከው መቼ ነው?"

"ጌታዬ፣ ትክክል አይደለም። እኔ..."

"ባለቤቴ ለሦስቱም ልጆቻችን ከሸሚዜ ሰፍታላቸዋለች።"

"ከመቼ ወዲህ?"

ሥራ አስኪያጁ አሰቡ። "ከድሮ ጀምሮ" አሉ። የመጨረሻ ልጃቸው የሁለት ዓመት ልጅ ነው።

ከሳምንት በኋላ፣ ማሽኑ ቆሞ ክፍሉ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ በሩ በከዘራ ተንኳኳ። አንዲት አሮጊት ገቡ፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ በእጃቸው የላስቲክ ከረጢት የያዙ። ሰማንያን ያለፉ ይመስላሉ። መነሾ ብድግ ብሎ ወንበሩን ሰጣቸው፤ እሳቸው ግን ወንበሩን ትተው እሱን ተመለከቱ።

"እናቴን ውሸታም ያደረግሃት አንተ ነህ ልጄ?"

"እኔ? ኧረ እማማ፣ እናትዎን የት አውቄ!"

"እንግዲያው ለምን 'ፈጠርኩት' ትላለህ? የልጅ ልጄን ሳስነብባት ልቤ ነው የቆሰለ።" ከረጢቱን ፈትተው በእርጅና የሻይ ቀለም የያዘ፣ መዳፍ የምታህል ነገር አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

አሻንጉሊት ናት። ዓይኗ በጥቁር ክር የተሰፋ ነው፤ አንደኛው ተፈትቶ ግማሹ ቀርቷል። አንገቷ በክር ታስሯል። መነሾ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ጎንበስ ብሎ አያት። የጨርቁ መስመር ጨርሶ ሊጠፋ ደርሷል፤ ጫፏ ላይ ግን የእጅጌ ማሰሪያ የቁልፍ ቀዳዳ ነበር፣ በእጅ የተዘመዘመ።

"አባቴ ድንጋይ ጠራቢ ነበር" አሉ አሮጊቷ፣ አሁን ተቀምጠው። "ድንጋይ ሸሚዝ ይበላል፤ ጀርባውን ነው የሚጨርሰው። ጀርባው ሲያልቅ እናቴ ለመወልወያ አደረገችው። እጅጌው ደህና ነበር፤ ይቺን ሰፋችልኝ።"

መነሾ ድምፁ ዝግ አለ። "እማማ... ማን ነገራቸው ለእናትዎ? ከአባት ሸሚዝ ይሁን ብሎ፣ ማን አላቸው?"

አሮጊቷ ጥያቄው አልገባቸውም። በጣም የተማረ ሰው ሲያናግሩ እንደሚያደርጉት ቃላቸውን አዝግመው፣ "ምን መንገር ያስፈልገዋል?" አሉ። "ሌላ ጨርቅ የት ነበር?"

መነሾ ነጋዴ በመርከብ ጭኖ፣ ባሕር አሻግሮ፣ ጥንት የሚባል ዘመን ድረስ ልኮ ያመጣው ነገር መወልወያ ሆኖ ቀለሜ እጅ ላይ ነበር። ጨርቅ ያጣ ቤት ሁሉ፣ የትም ይሁን የት፣ እጁን መጀመሪያ የሚሰድደው ወደዚያው አሮጌ ሸሚዝ ነው። አሻንጉሊቷን ሊነካት ፈለገና እጁን መለሰ። አሮጊቷ አይተውታል።

"ያዛት እንጂ፤ አትሰበር።"

ያዛት። እንደ ወፍ ቀላል ናት። ሽታ የላትም፤ የድንጋይ አቧራም፣ የአባትም፣ የምንም። ሰባ ዓመት ታጥባለች።

"እውነትዎን ነው እማማ" አላቸው። "ጥፋቱ የኔ ነው። እናትዎ አልዋሹም።"

"እሱን ነው የምልህ" አሉና አሻንጉሊታቸውን ተቀብለው ከረጢታቸው ውስጥ ከተቱ። በር ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ክፍሉን፣ የወረቀቱን ክምር፣ ባለ ጡቡን ጠረጴዛ ተመለከቱና፣ "ለዚህ ደመወዝ ይከፍሉሃል?" አሉት።

"አዎ እማማ።"

"ይሁን" አሉ፣ "እግዜር ያውቃል።"

የሚቀጥለው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ላይ መነሾ ሦስት መስመር አወጣ፦ "አንዲት የድንጋይ ጠራቢ ልጅ ከአባቷ ሸሚዝ እጅጌ የተሰፋች አሻንጉሊት ነበራት። ከእጅጌው የተሰፋችው ጀርባው አልቆ ስለነበር ነው። ሌላ ጨርቅ አልነበረም።" ሥራ አስኪያጁ አጠረ አሉ። "ጥንት" የሚል ቃል እንኳ የለበትም ብለው አዘኑ። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ምላጩን እየሳለ፣ "ያለፈው ሳምንቱን አነበብኩት" አለው። "ጋሼ፣ ቅር አይበልዎት፣ ይኼኛው ውሸት ይመስላል።"

መነሾ አንገቱን አላንቀሳቀሰም።

ጡረታ የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ቀለሜ በስንብቱ ቀን እንደ ሰው እጁን ጨበጠውና መዳፉን ጥቁር አድርጎ ላከው። ቤት መዋል የጀመረ ሰሞን ሚስቱ ተቸገረች፤ መኪናው፣ መቀሱ፣ የጣት ቆቡ፣ ሁሉም መነሾ አለው። በመጨረሻ አንድ ሥራ ሰጠችው። ዓይኗ ደከም ብሏልና ክር ማስገባቱን ለሱ ተወችለት፤ ክር የሚያስገባ ሰው ትንፋሹን ስለሚይዝ አያወራም። ጥሩ መላ ነበር።

ልጃቸው ሁለተኛዋን ስታረግዝ መነሾ ማንም ሳይነግረው ቁም ሣጥኑን ከፈተ፤ ቡናማዋን ሸሚዝ አውጥቶ አጣጥፎ መኪናው ላይ አኖራት። ሚስቱ መጥታ ጨርቁን በሁለት ጣቷ አሸት አደረገች።

"ይኼማ ፖሊስተር ነው።"

"ቢሆንስ?"

"አሻንጉሊት በፖሊስተር አይሰፋም። የጥንቶቹ በጥጥ ነው የሚሰፉት።"

መነሾ አፉን ከፈተ። የጥንቶቹ የሚባሉት ዕድሜያቸው ስንት ዓመት እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በማን ጨርቅ እንደተፈጠሩ ከሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ምድር ላይ አልነበረም። ሚስቱ ግን እሱን አልነበረም የምታየው፤ የለበሳትን ሸሚዝ ነው። ነጭ ነበረች፣ ንጹሕ ጥጥ፣ ከብዙ አጠባ የለሰለሰች።

"እንዴት ነው፣ ልታወልቅ ነው ወይስ ልምጣ?" አለችው።

ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ቁልፎቹን ፈታና አውልቆ ሰጣት። ከዚያ በውስጥ ካናቴራው እንደሆነ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠጋ፤ ክሩን በምራቁ አረጠበና፣ ትንፋሹን ይዞ የመርፌዋን ቀዳዳ ይፈልግ ጀመር።